የሐኪም አያት ፍለጋ

የአገራችን ሰው ዘሩን መቍጠር ያውቃል። ልጁን ለመዳር ያሰበ አባት ሁለቱ ወገኖች ተዋልደው እንደሆነ ለመመርመር እስከ ሰባት ቤት ወደ ላይ ይወጣል፤ የአባቱን፥ የአያቱን፥ የቅድመ አያቱን ስም እንደ ዳዊት ይደግመዋል። እኔም በሙጃ ሳድግ ይህንኑ ተምሬ ነበር። ነገር ግን ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ አንድ ቀን ተቀምጬ የቈጠርኋቸውን ስሞች አንድ በአንድ ሳስባቸው፥ ስማቸውን ብቻ እንጂ ሥራቸውን እንደማላውቅ ተገነዘብሁ። እገሌ እገሌን ወለደ፤ እገሌም እገሌን ወለደ። ከዚህ በቀር ምን ሠርቶ እንደ ኖረ፥ ማንን እንደ ጠቀመ፥ ማንንስ እንደ ጐዳ የሚናገር አንድ ቃል የለም።

ከእነዚህ ስሞች መካከል አንዱ የእናቴ አባት ስም ነው። እኚህ ሰው ወጌሻና መድኃኒት ዐዋቂ ነበሩ። ይህን የሰማሁት ግን ከቤታችን አይደለም። ገበያ ላይ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ፊቴን አይተው «የዚያ የሥር ማሹ የልጅ ልጅ አይደለህም?» ሲሉኝ ነው የሰማሁት። ወደ ቤት ገብቼ እናቴን ብጠይቃት ፊቷ ተለዋወጠና «አባባ ገበሬ ነበር» ብላ ወሬውን ቈረጠችው። ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁና ዝም አልሁ። ዝም በማለቴ ምን ያህል እንደ ተጐዳሁ ያወቅሁት እናቴ ካለፈች በኋላ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ይህን የምጽፍላችሁ የአያቴን ዝና ለመንዛት አይደለም። ወደ ኋላ እንደምታዩት ዝና የሚነዛበት ታሪክም አላገኘሁም። የምጽፈው የሐኪም ዘር የሆነ ሰው አያቶቹን ሲፈልግ ምን እንደሚገጥመው ላጫውታችሁ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ፥ ስም ተቈጥሮ ሥራ የማይቈጠርበትን ምክንያት እንመልከት። በላስታም ሆነ በጐንደርና በጐጃም ሰው ዘሩን የሚቈጥረው ስለ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው የተናገርሁት የጋብቻ ጕዳይ ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ርስት ነው። መሬት ይገባኛል የሚል ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ወደ ላይ እየቈጠረ፥ መጀመሪያ አገሩን አቅንቶ ርስቱን እስከ ያዘው አባት ድረስ መድረስ ነበረበት። በዳኛ ፊት የሚጠየቀው ስም ነው። አያቱ አጥንት ይጠግኑ እንደሆነ ወይም በገና ይደረድሩ እንደሆነ ዳኛው ለመስማት ጕዳዩ አይደለም፤ በገና አንድ ጥማድ መሬት አያስገኝምና። ስለዚህ ስሙ ተጠበቀ፥ ሥራው ተረሳ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ ደግሞ ስሙን መቍጠር ራሱ እየቀረ ሄደ፤ ዛሬ ከአያቱ ወዲያ የማያውቅ ወጣት ቢበዛ አይደንቅም።

ሌላው ምክንያት ኀፍረት ነው። በአገራችን የእጅ ሥራና የተለየ ዕውቀት ያለው ሰው ይፈለግ ነበር እንጂ አይከበርም ነበር። ሌሊት ልጁ ያቃሰተበት ሰው መብራት ይዞ ወደ መድኃኒት ዐዋቂው ደጅ ይሮጣል፤ ልጁ በዳነ በሳምንቱ ያንኑ ሰው «ቅጠል በጣሽ፥ ሥር ማሽ» እያለ ያማዋል። መፈወስ የሚችል ሰው መግደልም ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ ጕረቤቱ በሞተ ቍጥር ዓይን ወደ እርሱ ይዞራል። መድኃኒት ዐዋቂውም በበኩሉ ይህን ስለሚያውቅ ዕውቀቱን ይሸሽጋል። ቅጠሉን ሰው ሳያየው ይለቅማል፤ ከሌላ ቅጠል ጋር ቀላቅሎ ደቍሶ መልኩን ያጠፋዋል፤ ሊሞት ሲል ከልጆቹ አንዱን ብቻ ጠርቶ ይነግራል። ልጁ በዚያን ሰዓት በአጠገቡ ካልተገኘ ዕውቀቱ አብሮ ይቀበራል። እናቴ «ገበሬ ነበር» ያለችኝ ውሸት አልነበረም፤ አያቴ ያርሱም ነበር። የተረፈውን ግን ስለ እኛ ስትል ቀበረችው። አሁን አልፈርድባትም።

እዚህ ላይ ስለ ኮሶ ጥቂት ላውጋችሁ፤ ኮሶ የዕውቀትን ባለቤት ስም ስለ ማጣት ብዙ ያስተምራል። ኮሶ ትል ያስወጣል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ያለ ኮሶ አይኖርም ነበርና ሰው በየሁለት ወሩ ግድም ይጠጣው ነበር። የሚጠቅመው የሴቴዋ ዛፍ አበባ ነው፤ ልኩን የምታውቅ ሴት ትደቍሰዋለች፤ ከልኩ ያነሰ እንደሆነ ትሉን አያወጣም፥ ከልኩ ያለፈ እንደሆነ ሰውን ይጥላል። ይህን ልክ ያገኙት ስማቸው የማይታወቅ እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ጐንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ዛፉን ገልጾ በጻፈ ጊዜ ባንክስ በተባለ በአገሩ ሊቅ ስም ሰየመው። ሌሎች የዕፀዋት ሊቃውንት ደግሞ ሐገን በተባለ በኬኒግስበርግ ከተማ በነበረ መድኃኒት ቀማሚ ስም ጠሩት፤ እስከ ዛሬም በሳይንስ የሚጠራበት ስም ይኸው ነው። ቀጥሎም ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የኮሶን ጥቅም በቍስጥንጥንያ ሆኖ ሰምቶ ለአውሮፓ ስላሳወቀ፥ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች በእርሱ ስም ይታወቅ ነበር። ሦስት የአውሮፓ ሰዎች በአንድ ዛፍ ላይ ስማቸው ተጻፈ። ኮሶውን ለመጀመሪያ ጊዜ መዝና የጠጣችው የደጋ ሴት ግን ስሟ የለም። በውጭ አገር ሰው አልፈርድም፤ እነርሱ የጓደኛቸውን ስም ጻፉ፥ እኛ የአያታችንን ስም ደበቅን።

ይህ ዕውቀት ተራ ወሬ እንዳልነበረ ደግሞ በእኛው ዘመን ታይቷል። በ1956 ዓ.ም. ግድም ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አንድ ወንዝ ዳር ሆነው ሲመለከቱ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት በታች የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዚያች ዕለት የተጀመረው ምርምር በዓለም የታወቀ ሆነ። እኚህ ሊቅ ለትልቅ ግኝት የበቁት ልብስ አጣቢዎችን ሳይንቁ ስለ ተመለከቱ ነው።

አሁን ወደ ሙጃ ልመልሳችሁ። ሙጃ በላስታ ደጋ በግዳን ወረዳ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ላሊበላን ሊሳለም የሚመጣ እንግዳ ብዙ ጊዜ ስሟን ሳይሰማ ያልፋል። ነገር ግን አንድ ጊዜ በታላቅ ታሪክ መንገድ ላይ ነበረች። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር 13 ሺሕ ያህል ወታደርና ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ይዞ ከባሕር ወጥቶ ወደ መቅደላ ሲሄድ፥ አሸንጌን አልፎ የላስታን ደጋ አቋርጦ ነበር። የዘመቻው ጸሐፊዎች ሠራዊቱ ከሰፈረባቸው ቦታዎች መካከል ሙጃን በስሟ ጽፈዋታል። የአገሩ ገዥ ዋግሹም ጐበዜ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ቂም ስለ ነበራቸው መንገዱ አልተዘጋም። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ሠራዊቱ በመጣበት መንገድ ወደ ባሕር ተመለሰ።

በዚያ የመልስ ጕዞ ውስጥ ሁለት ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ነበሩ። አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ አብረውት ሲጓዙ በትግራይ ሞተው በጨለቆት ተቀበሩ፤ ልጁ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ። በዊንድሰር ነው የተቀበረው። አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. ሳይቀበለው ቀርቷል።

ሁለተኛው ሕፃን አራት ዓመት እንኳ ያልሞላው የጐንደር ልጅ ነበር። በመቅደላ ግርግር ከወላጆቹ ተለይቶ ቢገኝ አንድ ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ ኮሎኔል ይዞት ወደ ሕንድ ሄደ። እኔ በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ በተመላለስሁበት ደጋ ላይ ይህ ሕፃን በበቅሎ ወይም በወታደር ክንድ ላይ ሆኖ አልፏል ማለት ነው። በሙጃ ካሉት ሰዎች ማንም «ይህ የማን ልጅ ነው?» ብሎ የጠየቀ አይመስለኝም። ቢጠይቅስ ልጁ ምን ይመልስ ነበር?

ኮሎኔል ቻምበርሌን በሞተ ጊዜ ሌላ ኮሎኔል፥ ማርቲን የሚባል፥ የልጁን የትምህርት ወጪ ቻለ። ስሙም ከሁለቱ አሳዳጊዎቹ ስም ተወስዶ ቻርለስ ማርቲን ተባለ። ልጁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው በላሆር የሕክምና ትምህርቱን ጨረሰ፤ ወደ ስኮትላንድ ሄዶም ትምህርቱን አስፋፋ፤ ከዚያም በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኖ ተሾመ። በዘመናዊ ትምህርት ሐኪም ለመሆን የበቃ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሱ ነው። ነገር ግን ዐማርኛ ጠፍቶበት ነበር፤ አባቱን አያውቅም፤ እናቱን አያውቅም፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም እንኳ አያውቅም። ከሐበሻ አገር እንደ መጣ ብቻ ያውቃል።

በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ወሬ በዓለም ሲሰማ ዶክተር ማርቲን በበርማ ሆነው ሰሙት። ያን ጊዜ አገራቸውን ለማየት ልባቸው ተነሣሣ። እንዲያው በቀላሉ አልሆነላቸውም፤ አዲስ አበባ የገቡት በ1892 ዓ.ም. ግድም ነው። ድንኳን ተክለው ሕመምተኛ ማከም ጀመሩ። ከመቅደላ የተወሰደ ሐበሻ ሐኪም ሆኖ ተመልሷል የሚለው ወሬ በከተማው ተዛመተ። ወሬውም አንዲት አሮጊት ዘንድ ደረሰ። አሮጊቷ የእናቱ እናት ነኝ ብለው መጡ። ምልክታቸውም በልጁ ክንድና እግር ላይ የነበረው የሕፃንነት ጠባሳ ነበር። ጠባሳው በቦታው ተገኘ። ስሙም ወርቅነህ፥ አባቱም እሸቴ እንደሚባሉ ተነገረው።

እኔ ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ ተጠራጥሬ ነበር፤ አልደብቃችሁም። ደህና ደመወዝ ያለው፥ ዘመድ የሌለው ሐኪም ወደ ከተማ ሲመጣ አያት ነኝ የሚል አይጠፋም ብዬ አሰብሁ። ደግሜ ሳስበው ግን ጥርጣሬዬ ለቀቀኝ። ክንድ እንኳ ከእጅጌ ሊወጣና ሊታይ ይችላል፤ እግርና ክንድን አጣምሮ፥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቈይቶ፥ ከሕፃን ገላ ወደ ጐልማሳ ገላ የተዘረጋን ምልክት ማስታወስ የሚችል ያን ሕፃን ያጠበ ሰው ነው። በዚያ ዘመን የልደት መዝገብ የለም፥ ፎቶግራፍ የለም። የሰው ገላ ግን መዝገብ ነበር፤ አንባቢዋም አያት ነበረች። ሐኪሙ የብዙ ሰው ቍስል አይተዋል፤ የራሳቸው ቍስል ግን ማን መሆናቸውን የነገራቸው በአሮጊት ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ተባሉ። ዐማርኛን እንደ ተማሪ እንደገና አጠኑ። ወደ በርማ ተመልሰው ደግሞ መጡ፤ በመጨረሻም ጡረታ ወጥተው በአገራቸው ተቀመጡ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ ጨርጨርን ገዙ፤ ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ቤንያምና ዮሴፍ ወደ አገራቸው ተመልሰው ከጥቍር አንበሶች ጋር ተሰልፈው ነበር፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ገደሏቸው። አባታቸው በሩቅ አገር ሆነው ሰሙ። አንድ ጊዜ ልጅ ሆነው ከወላጅ የተለዩት ሰው፥ አሁን ወላጅ ሆነው ከልጆቻቸው ተለዩ። ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱና በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ።

የእርሳቸውን ዘር የሚፈልግ የልጅ ልጅ ምን እንደሚገጥመው አስቡ። በእንግሊዝ መዝገብ ማርቲን ይላል፤ በኢትዮጵያ ወርቅነህ ይላል፤ የወርቅነህ ልጅ ሲወልድ ወርቅነህ የሚለው ስም ደግሞ ወደ ኋላ ይቀራል፤ እሸቴ የሚለውማ ቀድሞ ቀርቷል። እኛ የቤተ ሰብ ስም ስለሌለን ስማችን በየትውልዱ እንደ ልብስ ይቀየራል። ሐኪም ወርቅነህ ግን ለዘራቸው አንድ ትልቅ ነገር አቈዩ፤ የዕለት ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። ፒተር ጋረትሰን የተባሉ የታሪክ ጸሐፊ በዚያው ማስታወሻ እየተመሩ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው በ2004 ዓ.ም. ግድም በእንግሊዝኛ አሳትመውታል። መጻፍን የለመዱት በባዕድ አገር ስላደጉ ይሆን? እንዲህ ብዬ ማሰብ ያሳዝነኛል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ጽሕፈት ያለው ሕዝብ ሆነን ስለ ራሳችን አለመጻፋችን የበለጠ ያሳዝነኛል። በየቤቱና በየገዳሙ የመድኃኒት መጻሕፍት ነበሩን፤ ስትሬልሲን የተባሉ የፖላንድ ሊቅ እንዲህ ያሉትን ጽሑፎች መርምረው በአውሮፓ አሳትመዋል። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ለራስ ምታት የሚሆነው፥ ለእባብ ንክሻ የሚሆነው ቅጠል ተጽፎ ይገኛል። መድኃኒቱን የፈተነው ማን እንደሆነ፥ የዳነውስ ማን እንደሆነ ግን አይናገሩም።

ሐኪም ወርቅነህ በተወለዱባት በጐንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኰንኖችን፥ ነርሶችንና የንጽሕና አጠባበቅ ባለሙያዎችን ለትናንሽ ከተሞች ማሠልጠን ጀመረ። ስለ እነዚያ ሰዎች አንድ ቀን ሌላ ሰው ይጽፍ ይሆናል። የልጅ ልጆቻቸው ሥራ ከእኔ ሥራ የቀለለ ነው፤ በትምህርት ቤት መዝገብ ስማቸው አለና።

የእኔን ሥራ የጀመርሁት እናቴ በሞተች በዓመቷ፥ ዕቃዋን ስናነሣ ከሣጥኗ ሥር አንዲት ትንሽ የብራና መጽሐፍ ባገኘሁ ጊዜ ነው። ከመዳፌ አትበልጥም። የመድኃኒት መጽሐፍ ናት፤ ግማሹ ግእዝ፥ ግማሹ ዐማርኛ ነው። እናቴ አባቷን ገበሬ ነበር እያለች መጽሐፉን ለዚያን ያህል ዘመን ጠብቃ አኑራዋለች። ይህን ሳይ ኀፍረትና ፍቅር በአንድ ሣጥን ውስጥ መኖር እንደሚችሉ ገባኝ።

በመጽሐፏ መጀመሪያ ላይ የባለቤቱን ስም ጠርቶ ከክፉ እንዲጠብቀው የሚለምን ጸሎት አለ። የተጻፈው እንደ ልማዱ የክርስትና ስም ነው እንጂ የዓለም ስም አይደለም። እኔ የማውቀው የአያቴን የዓለም ስም ብቻ ነው። መድኃኒት ዐዋቂዎች ጠላት እንዳይተበትብባቸው የክርስትና ስማቸውን አጥብቀው ይሸሽጉ ስለ ነበር፥ በቤታችንም የሚያውቀው አልተገኘም። ይባስ ብሎ ስሙ ተፍቋል። መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም በቢላ ፍቆ የራሱን ይጽፋል፤ እዚህም ከአንድ ጊዜ በላይ ተፍቆ ብራናው ሳስቷል። ወደ ፀሐይ ብይዘው «ወልደ» የሚል ይነበባል። የቀረው አይነበብም። የአያቴ ይሁን የአባታቸው ወይም ከዚያ በፊት የነበረ ሰው ስም ይሁን መለየት አልቻልሁም።

ወደ ሙጃ ሄጄ ሽማግሌዎችን ጠየቅሁ። ብዙዎቹ የሚያውቁ ሰዎች የሉም። በላስታ ደጋ ስም የሚያውቅ ሰው ማግኘት ለምን እንደሚያስቸግር ለማስረዳት ዘመኖቹን መጥራት ይበቃል፤ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከብቱ ሁሉ ያለቀበት ክፉ ቀን፥ የ1966 ዓ.ም. ረኃብ፥ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ። በመጨረሻው ብዙ ሰው ወደ ቆረም ሲወርድ በየመንገዱ ቀረ፤ ብዙ ሰው ደግሞ ለሠፈራ ወደ ምዕራብ ተወሰደ። ዘር የሚቈጥሩት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ረኃብ መጀመሪያ የሚወስደውም ሽማግሌንና ሕፃንን ነው።

በመጨረሻ አንድ ቄስ ከከተማው ጥቂት ራቅ ብለው ወደሚኖሩ አሮጊት ላኩኝ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። እሳት ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። የአያቴን ስም ጠርቼ «አንቱ እማማ፥ ያውቋቸዋል?» አልሁ። ስሙን አላወቁትም። ወጌሻ ነበሩ ስላቸው ግን ቀና አሉ፤ ነጠላቸውን ገፍተው ቀኝ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። ከክርኑ በታች አጥንቱ ትንሽ ጐበጥ ያለ፥ ነገር ግን የጸና ነበር። በልጅነታቸው ከገደል ወድቀው ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻው በቅቤ አሽተው፥ በሸምበቆ ጠግነው አሠሩት። «በዚህ እጅ ነው ስምንት ልጅ ያሳደግሁ፤ በዚህ እጅ ነው የፈጨሁ» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ዝም ብዬ ቈየሁ። የአያቴን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የነካሁት ያን ጊዜ ነው።

ደስታዬ ገና ሳይበርድ ቀጠሉና ስለ ወንድማቸው ነገሩኝ። በዚያው ዓመት ነው። ልጁ ሆዱን ታምሞ ያው ሰው ተጠሩ፤ ኮሶ ሰጡት። ልጁ ከስቶ ነበርና ለአዋቂ የሚሆነው ልክ በዛበት። ሌሊቱን ሲያስመልሰው አድሮ ጐሕ ሲቀድ ሞተ። አባታቸው ጦር ይዘው ሊወጡ ሲሉ ጐረቤት ያዛቸው። ወጌሻው ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዚያ ቤት አልደረሱም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፥ በልጁ ተዝካር ቀን፥ አንድ ስልቻ ገብስ በር ላይ አስቀምጠው ሲሄዱ ታይተዋል።

ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነበር። ይህን ለመስማት አልነበረም የመጣሁት። ሰው አያቱን ፍለጋ ሲወጣ ጀግና ወይም ጻድቅ አገኛለሁ ብሎ ነው፤ እኔም በልቤ የሙጃን ሐኪም ወርቅነህ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ያገኘሁት አንድ ክንድ ያቀናና አንድ ልጅ የገደለ ሰው ነው። ይህንን ክፍል ከጽሑፉ ልተወው አስቤ ነበር፤ እናቴም የተወችው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ያን ከተውሁ ክንዱንም መተው ሊኖርብኝ ነው። አንዲት አሮጊት በአንድ ቁጭታ የነገሩኝን ለሁለት ከፍዬ የሚጥመኝን ብቻ ልወስድ አልችልም።

ልሰናበታቸው ስነሣ «ልጄ፥ የክርስትና ስማቸውን ታውቀው ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ለምን እንደፈለጉት ጠየቅሁ። በየዓመቱ ወንድማቸውን ሲያስቡ ወጌሻውንም ያስቧቸዋል፤ ነገር ግን ቄሱ ያለ ክርስትና ስም አይቀበሏቸውምና፥ እርሳቸው ብቻቸውን በልባቸው «ያን ክንዴን ያቀናውን ሰው» እያሉ ይጸልዩላቸዋል። ይህ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከኪሴ መጽሐፏን አውጥቼ በበሩ ብርሃን ላይ ያዝሁና «ወልደ» የሚለውን አነበብሁላቸው።

«ወልደ ማን?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ተፍቋል አልኋቸው።